የተበተነው ትራክተር

«የዘሩን ገዳይ የገዛ ወንድሙ ገጣጥሞ አቆመው አሉ።»

ማስተዋል ይህን የሰማችው ጠዋት ቦኖ ተሰልፋ፣ ጀሪካኗን በእግሯ ወደፊት እየገፋች ሳለ ነው። ተናጋሪዋ ፈንቴ ነበረች፤ ባሏ በጋሼ ዋሴ ጋራዥ በያጅ ነው። ከፊቷ ለቆመችው ጎረቤቷ በሹክሹክታ የነገረቻት መስሏታል፤ ግን የገንዳ ውሃ ከተማ ሴት ሹክሹክታ ከሌላ አገር ሰው ጩኸት ብዙም አይተናነስም። ዞር ስትል ከማስተዋል ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፈንቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቧንቧውን ማየት ጀመረች፤ ሌሎቹም ቧንቧውን አዩ፤ ከዚያ በፊት ውሃ ሲወርድ አይተው የማያውቁ ይመስል ነበር። ማስተዋል ተራዋ ሲደርስ ቀዳች፤ ጀሪካኑን አዝላ ቤቷ አደረሰች፤ ክዳኑን መግጠሟን ግን ረስታ ኖሮ ጀርባዋ በሙሉ ርሶ ነበር።

ዘሩ ባሏ ነበር። አምና ነሐሴ፣ ከገንዳ ውሃ ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የሰሊጥ እርሻ ላይ፣ ትራክተሩ በቁልፍ አልነሳ ሲለው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሹፌር ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የሞተሩን ማስነሻ፣ የሞተሪኖውን፣ ሁለት ጫፎች በካቻቢቴ አገናኘ። ትራክተሩ ማርሽ ላይ ነበር። ተነሣና የኋላ ጎማው በላዩ ላይ ወጥቶ ሄደ። እስከዚህ ያለውን ሰው አደጋ ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ የማይዋጥለት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ትራክተሩ ማንም ሳይኖርበት፣ ጉልበት ያልደረሰውን ሰሊጥ እየደፈጠጠ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ሜዳውን አቋረጠ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስም ቆመ። ለምን እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ሞተሩ ግን አልጠፋም። አረም ላይ የነበሩት ቀን ሠራተኞች ሬሳውን አንሥተው ወደ መንገድ ሲወጡ ከኋላቸው ይሰሙት ነበር። ሄዶ ሊያጠፋው የደፈረ አልተገኘም፤ ናፍጣው እስኪያልቅ ድረስ ብቻውን ሲያንጎራጉር ዋለ።

በዚህ ቆላ ሰው የገደለ ማሽን እንደ ማንኛውም ነፍሰ ገዳይ ነው። የፖሊሱና የኢንሹራንሱ ጣጣ ሌላ ነው፤ የሟች ወገን ካልማረው ሹፌር አይወጣበትም። ምሕረቱም በአፍ ብቻ አይሆንም። ባለንብረቱ ማሽኑን በሰንሰለት አስጎትቶ፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ የሟች ደጃፍ ላይ ያቆመዋል፤ ቁልፉን ያስረክባል፤ ሚስት ትሁን እናት ወይም ወንድም፣ ከሟች ወገን አንዱ በገዛ እጁ ያስነሳዋል። ከዚያ ወዲያ እንደማንኛውም ብረት ነው። ጥር ላይ ሽማግሌዎች በግ ጨምረው ትራክተሩን ማስተዋል ደጅ አምጥተውት ነበር። አልከፈተችላቸውም። በአጥሩ ቀዳዳ አየችው፤ ፊቱን ወደ ቤቷ አዙረው አቁመውት ነበርና እሱም የሚያያት መሰላት። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ቆመው ሲሰለቻቸው መልሰው ጎትተው ወሰዱት። አገሩ ልበ ደንዳና ናት አላት፤ ይበላት። ከዘሩ የቀረላት ነገር ቢኖር ይህች ቂም ነበረች፤ እሷን ደግሞ በበግ አትለውጥም።

ባለእርሻው የማይነዳ ትራክተር ምን ያደርግልኛል ብሎ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ለዋሴ ሸጠው። ዋሴ ጋ ደግሞ ምንይችል ይሠራል፤ የዘሩ ታናሽ ወንድም። ሁለቱ ከጎጃም ለአጨዳ ወርደው እዚሁ የቀሩ ልጆች ናቸው፤ ዘሩ ማስተዋልን አግብቶ፣ ምንይችል ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ይዞ። ሦስቱ ሲበሉ ሣቅ የማይጠፋበት ቤት ነበር። አሁን ማታ ማታ ማስተዋል እራቱን ታቀርብለታለች፤ ይበላል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ሳህኑን አጥቦ ያስረክባታል፤ ግሪስ የጠቆረበትን እጁን ጉልበቱ መሃል ደብቆ ትንሽ ይቀመጥና ይወጣል። ስለ ዘሩ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ዝምታውን ሐዘን ነው ብላ ታከብርለት ነበር። ቦኖው ላይ ከሰማችው በኋላ ግን ሌላ ትርጉም ሰጠችው፤ ፊቷ በንዴት ጋለ። ቀሚሷን ሳትቀይር ወደ ጋራዡ አመራች።

ጋራዥ ይባል እንጂ ድሮ ፋብሪካ ብጤ ነበር። በደርግ ጊዜ ለመንግሥት እርሻው ብለው የሠሩት፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ ሰውን በመልኩ የማትለይበት የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ያኔ ትራክተር በሣጥን በሣጥን ተፈታትቶ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ የውጭ ባለሙያዎች እያሳዩ የእኛ ልጆች ይገጥሙታል፤ አንዱ ሲያልቅ ባንዲራ ተሰክቶበት በጭብጨባ ይወጣል። ኋላ የሚልከው አገር ራሱ ተበተነና ሣጥኑ ቀረ። ዋሴ ከገጣጣሚዎቹ አንዱ ነበር፤ አዳራሹ ለሽያጭ ሲወጣ ከነመጭመቂያው ከነመበየጃው ገዛው። ከግድግዳው መፈክር ቀይ ቀለሙ ረግፎ «ወደፊት» የምትለዋ ብቻ ቀርታለች። ከሥሯ፣ የሞቱ ትራክተሮች ኮፈናቸው ተነሥቶ፣ ሽቦአቸው እንደ አንጀት ተዘርግፎ ተደርድረዋል፤ ዋሴ ከእነዚህ ሬሳዎች አንድ አንድ ነፍስ ያለው ያወጣል። ማስተዋል ስትገባ ከአዳራሹ ጥግ አንድ ሞተር ብቻውን ይሠራ ነበር፤ አጠገቡ ሰው የለም። ቆርቆሮው በሙቀቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሠራተኞቹ ሲያዩዋት መዶሻቸውን ቀስ እያሉ አስቀመጡ።

ዋሴ ቸርኬ ገልብጦ ተቀምጦ፣ መለዋወጫ ሊገዙ ከመጡ ሹፌሮች ጋር ይጨዋወታል። ክፉ ሰው አይደለም። ብድግ ብሎ ተቀበላት።

«ጋሼ ዋሴ፣ ትራክተሩ የታለ?»

«የቱ?»

«ዘሩን የገደለው።»

ዋሴ አንገቱን አከከ። «እሱማ የለም እኮ፣ ማስተዋል። በተንነው። ሞተሩን አንድ ባለትራክተር ወሰደው፤ ካምቢዮው ኮኪት ሄደ፤ ኮፈኑን ቁርጥራጭ ገዢ ለማቅለጫ ጫነው። ጎማው፣ ሞተሪኖው፣ መሪው... እያንዳንዱን የት አስታውሼ። ዘንድሮ ከእኔ ጋ ያልወሰደ ባለትራክተር የለም፤ ትንሽ ትንሽ የሁሉም ላይ ይኖራል። እና የቱን ጎትቼ ደጅሽ ላቁመው?»

ሹፌሮቹ ጨዋታቸውን አቆሙ። አንዱ ዞር ብሎ ደጅ ያቆመውን የራሱን ትራክተር አየ። የፈንቴ ባል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በእሱ ቤት ማጽናናቱ ነው፣ የገደለው ሞተሪኖው ነውና የሚማረው እሱ ብቻ ነው አለ። ሌላው፣ አይደለም፣ በላዩ የወጣው ጎማው ነው አለ። ሦስተኛው፣ ካምቢዮው ማርሽ ባይዝ ጎማው ከየት መጥቶ ይዞር ነበር ሲል ሞገተ። እንደ ርስት ክርክር እየተቀባበሉ ሄዱ፤ እውነታቸውን ነበር፤ የቀለደ የለም። ማስተዋል መሃላቸው ቆማ አዳመጠች። ያን ሁሉ ወር በሐሳቧ የምታየው አንድ ነገር ነበር፤ ፊት ያለው፣ የሚጠላ ነገር። እነዚህ ሰዎች በመፍቻ ፈታተው ለአገሩ አከፋፍለውታል።

«የምጠላውን ነገር እንኳ አሳጣችሁኝ፤» አለች።

ዋሴ መሬት መሬቱን አየ። «ምሕረቱን ከለከልሽ፤ እኔ ብረቱ ይበስብስ ልበል?»

«ምንይችልስ?»

«ኮኪት ላለ ገዢ ትራክተር ሊያደርስ ወጥቷል። ከትርፍራፊ ራሱ ያቆመው ነው፤ እዚያ ጥግ ላይ ሥራ ሲያልቅ እያመሸ። ጎበዝ ልጅ ነው።»

ከጋራዡ ማዶ የሳቢራ መለዋወጫ ሱቅ አለ። ሳቢራ ዕቃ ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት እያስመጣች የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ፣ እጇ የማይሰስት ሴት ናት፤ ዘሩ የሞተ ጊዜ ሱቋን ዘግታ ለቅሶ ቤት የሰነበተች። ማስተዋልን ስታያት ወንበር ሳበችላት። ማስተዋል ግን ቆማ፣ ስለ ሞተሪኖው ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሳቢራ ሞተሪኖው ከጋራዡ ወጥቶ በእሷ በኩል መሸጡን፣ ከዚያ ምንይችል መጥቶ ያን እንደሚፈልግ መንገሩን አወራች። «አዲስ ልስጥህ አልኩት፣ ማስቱ። በዚያው ዋጋ። እምቢ አለኝ። ካለበት አስፈልጌ አስመለስኩለት፤ አዲስ ሰጥቼ አሮጌ ተቀበልኩ፤ ወላሂ እንዲህ ያለ ንግድ ነግጄ አላውቅም። ካምቢዮውንም ከኮኪት እንዲሁ አስመልሷል አሉኝ፤ በሌላ እየቀየረ። ለምን ስለው... ፊቱን ባየሽው።»

ማስተዋል የሱቁን መደርደሪያ ያዘች። ፈንቴ ልክ ነበረች ማለት ነው፤ ዋሴ በትኜዋለሁ ያለውን ምንይችል ከኋላው እየለቀመ አንድ አድርጎታል። ለምን እንደሆነ አልገባትም፤ ለማሰብም ፋታ አልነበራት። አሁን በዚያ ነገር ላይ ተቀምጦ መንገድ ላይ ነው። ያልተማረ ማሽን ላይ። ያልተማረው ደግሞ እሷ በሯን ስለዘጋች ነው። ንዴቷ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ሄደ፤ በቦታው ፍርሃት ገባ። እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ከቅባት ሽታው መሃል፣ ይህን ልጅ እንደ እናቷ ልጅ እንደምትወደው ዐወቀች፤ አንድም ቀን ነግራው አታውቅም።

ባጃጅ ተከራይታ ወደ ኮኪት ወጣች። ሰኔ ገብቶ፣ ሁለት ዝናብ ጥሎ፣ አገሩ ሁሉ የሚያርስበት ሳምንት ነው። በዚህ ሳምንት ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ሰው በጥቅሻ ነው የሚግባባው። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ግን የባጃጁ ሹፌር ሙዚቃውን ቀነሰ፤ ትንሽ ቆይቶ አጠፋው። ምንም አይሰማም። በግራም በቀኝም፣ ጥቁሩ መሬት ላይ፣ ትራክተሮቹ በጀመሩት ትልም መሃል ቆመዋል፤ ማረሻቸው መሬት ውስጥ እንደገባ። ሹፌሮቹ ወርደው ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩዋቸዋል። ዘር ሊዘሩ የመጡት ቀን ሠራተኞች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። የዋሴን ቃል የሰሙት ሹፌሮች ስልካቸውን አውጥተው ነበርና ወሬው ከባጃጁ ቀድሟት ደርሷል። የማን ትራክተር ላይ ምን እንዳለ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም ወረደ። ሰማዩ ዳመና አርግዟል፤ ነፋስ የለም። ማስተዋል ስታልፍ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ፤ ማንም እጁን አላነሳም።

ይርዳው የሚባል ሸምገል ያለ ሹፌር መንገዱ ላይ ወጥቶ ባጃጇን አስቆመ። ቆቡን አወለቀ።

«እመት፣ የእኔ ላይ ይኖር ይሆን?»

«ወንድሜን አይተውታል?» አለችው።

«አረንጓዴ ኮፈን ያለውን የሚነዳውን? እዚች አፋፍ ድረስ መጥቶ ነበር። እዚሁ አቆመና ብዙ ቆየ፤ ከዚያ አዙሮ ወደ ገንዳ ውሃ ተመለሰ። ጠራሁት፤ አልዞረም።» ይርዳው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እመት፣ ዝናቡ አይጠብቀንም። ልጆቹ ደግሞ አይወጡም። እጅሽን ብታሳርፊበት ምንሽ ይጎዳል?»

«እስከ ደጄ ፈቅጃለሁ፤ ነድታችሁ አምጡት፤» አለች፤ ለራሷም ሳይታወቃት። ባጃጇን አስዞረች። ከኋላዋ፣ ሩቅ፣ አንድ ሞተር ሲነሣ ሰማች፤ ቀጥሎም ሌላ።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው። አረንጓዴው ትራክተር ደጇ ላይ ቆሟል፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። ምንይችል ከጎማው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሙሉ አካሉን ስታየው እንባዋ መጣ፤ እሱ ግን አልተነሣም። ያኔ ሌሎቹ መድረስ ጀመሩ። ከኮኪት መንገድ አንድ በአንድ እየመጡ፣ ከአረንጓዴው ኋላ እየተሰለፉ፣ ሞተራቸውን እያጠፉ፤ ሰልፉ ቦኖውን አልፎ ታጠፈ። ቁልፋቸውን ሰክተው ወርደው ከጎን ቆሙ። ሴቶቹ በየደጃቸው ወጡ፤ ፈንቴም አለች። ማስተዋል ነጠላዋን ታጥቃ ከሰልፉ ጭራ ጀመረች። መዳፏን ኮፈኑ ላይ ታሳርፋለች፤ «ምሬሃለሁ» ትላለች፤ ቁልፉን ታዞራለች፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣና ይወጣበታል። ወደሚቀጥለው። ምንም አልተሰማትም። ብረት ነው፤ አንዱ ሞቅ ያለ፣ አንዱ በረድ ያለ። ቃሉ እንዲህ ቀላል መሆኑ ገርሟት፣ ጥር ላይ ለምን እንደዚያ እንደከበዳት ራሷን ታዘበች።

አረንጓዴው ጋ ስትደርስ መዳፏን ዘረጋች። ምንይችል ብድግ ብሎ መሃል ገባ።

«ይኸን እንደነዚያ አታስነሽው፣ እታለም። ይኸ ራሱ ነው።»

ከኋላ የነበሩት ሹፌሮች ሰምተው ይሁን አይተው፣ ያስነሡትን ሞተር አንድ በአንድ መልሰው አጠፉት።

«ሁሉም አለ፤» አለ ምንይችል። ይህን ያህል ሲናገር ከሰማችው ዓመት ሊሆነው ነው። «ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ያ ጎማም። ኮፈኑን ብቻ አልደረስኩበትም፤ ቀልጧል። ጋሼ ዋሴ ሲበትነው አንችን አሰብኩ። ነገ ማንን አልምርም ብለሽ ልትቀመጭ ነው አልኩ። ብትምሪውም ሙሉውን ማሪው፤ ብትተይውም ሙሉውን ተይው። ተበትኖ እንዳይጠፋብሽ ነው።»

«ነድተኸው መጣህ?»

«አዎ።»

«ሳልምረው?»

«አስጎትቼ ባመጣው ጋሼ ዋሴ ይጠይቀኛል፤ አይለቀኝም ነበር። ኮኪት ላደርስ ነው ብዬ ወጣሁ። የሚሆነው እኔ ላይ ይሁን አልኩ። ያ ገደል አፋፍ ጋ ስደርስ...» ጎማውን አየ። «መሪውን አላዞርኩትም። ራሱ ነው የዞረው። ወዲህ ነው ያመጣኝ።»

ማስተዋል አረንጓዴውን ኮፈን አልፋ የኋላውን ጎማ አየችው። ዘሩ የቆመው እዚህ ነበር። መዳፏን አሳረፈችበት፤ ሞቅ ያለ ነበር፤ መንገድ የመጣ ጎማ ይሞቃል። ቃሉን ፈለገችው። ለዚያ ሁሉ ሰልፍ እንደ ውሃ ሲወርድ የነበረው ቃል አሁን የለም። ጠላችው። ዛሬም ልክ እንደ ነሐሴው ጠላችው፤ በመጥላቷም ውስጥ ዘሩ ሙሉ ሰው ሆኖ፣ ከነሣቁ፣ ከነኩርፊያው ቆሞ ነበር። ብዙ ቆየች። ሹፌሮቹ ጠበቁ፤ የመንደሩ ሰው ጠበቀ። ከዚያ እጇን አነሣች፤ ወደ መሪው ተንጠራርታ ቁልፉን ነቀለች፤ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።

«ዛሬ አላስነሳውም፤» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ። «የእናንተ ላይ ምንም የለም፤ መሬታችሁን እረሱ። ይኸ እዚሁ ይቆማል። ስወጣ ስገባ ልየው። የምምረው ቀን ሲመጣ እኔው አስነሳዋለሁ።»

«ኮኪት ሰውዬው ይጠብቃል፤» አለ ምንይችል። «ጋሼ ዋሴም ነገ ያባርረኛል።»

«ያባርርህ። ሌላ ጋራዥ አይጠፋም።» የግቢውን በር ከፈተች። እንዳትታይ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነበር የተናገረችው። «አንተን ግን ምሬሃለሁ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ወጣህበታ። ብትሞትብኝስ?»

ምንይችል ግሪስ ባጠቆረው እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከጎጃም ከወረደ ጀምሮ፣ ወንድሙ በተቀበረ ዕለት እንኳ፣ እንዲህ ሲያለቅስ ያየው አልነበረም። ማስተዋል ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ በሩንም ትራክተሩ ፊት ላይ ዘጋችው።